በሁዳዴ የተጫወትነው ገና

ዛሬ ጠዋት አማን፣ ኡም ኡዘይና ሰፈር ውስጥ ወደምሠራበት ቤት ስሄድ አንድ አትክልተኛ የወይራ ዛፍ ሲገርዝ አገኘሁ። መጋዙ ይጮኻል። መረር ያለው የእርጥብ እንጨት ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ቅርንጫፍ እግሬ ሥር ወደቀች፤ ቀጥ ብላ መጥታ ጫፏ ላይ ቆልመም ያለች። ሳላስበው አነሳኋት። እጆቼ ማንም ሳያዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ፣ ጉልበቴም ሸብረክ አለ። አትክልተኛው መጋዙን አጥፍቶ በዐረብኛ «ምን ልታደርጊባት ነው?» አለኝ። «ምንም» ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት። እስከ ማዳም በር ድረስ ግን መዳፌን እያሸተትኩ ሄድኩ።

ያ ሽታ ወዴት እንደሚወስደኝ ልንገርሽ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጀበል አል-ወይብደህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስት ነበርን። አንዷ ታላቃችን ናት፤ አማን ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የኖረች፣ ቤቱን በስሟ የተከራየች፣ ለእኛ እንደ እናትም እንደ አለቃም የነበረች ሴት። ሁለተኛዋ አብሮ አደጌ ናት። አብሮ አደግ ስልሽ ለአፍ ያህል አይደለም፤ እዚያ አገራችን ሳለን ቤታችንን የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነበር፣ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ገባን፣ በአንድ ቀንም አቋረጥን፣ በአንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠን እዚህ መጣን። ኮንትራታችንን ስንጨርስ ሁለታችንም ከማዳሞቻችን ቤት ወጥተን በሰዓት ጽዳት መሥራት ጀመርን። እኔ ሳቋን ከሩቅ እለየው ነበር። እንዲያውም ሳቋን የማወጣው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከታች የቤቱ ባለቤት ትኖራለች። ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ሁላችንም ሐጃ እንላታለን።

አራተኛዋ በኋላ የመጣች ናት። ከአማን ወጣ ብላ ባለችው ሳሃብ ከልብስ ፋብሪካዎቹ በአንዱ ትሰፋ የነበረች፣ ታላቃችን በቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻት ሴት። እኛ የሳሃቧ እንላት ነበር። «ቅዳሜና እሑድን ልጠይቃችሁ» ብላ በአንዲት ፌስታል ቅያሪ ልብስ ይዛ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ሳይረኑ ነፋ። ከተማው ተዘጋ፤ ከቤት የወጣ ይታሰራል ተባለ። ለሁለት ቀን የመጣች ሴት ለሦስት ወር ከረመች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሰርቪስ ታክሲ ጥሩምባ የለ፣ ጋዝ የሚያዞረው መኪና ዜማ የለ። ከማዶ ኮረብታ ላይ አንድ ሰው ቢያስል የሚሰማ ይመስል ነበር። ሥራ የለም። አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተኩል ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን። ስልክ አየን፣ ተኛን፣ ተነሣን፣ ደግሞ ስልክ አየን። በአምስተኛው ቀን አብሮ አደጌ እግሯን ዘርግታ፣ «ኧረ በእግዜር አንድ ነገር አምጡ፤ ላብድ ነው» አለች።

ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐጃ ግቢ ውስጥ ከክረምቱ በፊት የተገረዘ የወይራ ቅርንጫፍ ለማገዶ ተከምሮ ነበር። ወርጄ ጫፋቸው የቆለመመውን መርጬ፣ በወጥ ቤት ቢላ ላጥ ላጥ አድርጌ፣ አራት ዱላ ይዤ ወጣሁ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ በፕላስተር ጠምጥሜ ሩር አበጀሁ፤ ድምፅ እንዳያሰማ፣ መስኮት እንዳይሰብር።

ታላቃችን ዱላዎቹን ስታይ አማተበች። «ገና? በሁዳዴ? ገና እኮ በታኅሣሥ ነው የሚመታው!»

«በሁዳዴ ነው የተዘጋብን፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኳት።

ወዲያው ባልዲ ፈለገች። ባልዲውን ጣራው ላይ፣ በሁለቱ የውሃ ታንከሮች መሐል ደፍታ ተቀመጠችበት። «እኔ ጉልበቴን ያመኛል። በረኛም ዳኛም ነኝ» አለች።

እኛ አገር ገና የወንድ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ከሦስት ወንድሞች በኋላ የተወለድኩ ስለሆንኩ ቁጥር ሲጎድላቸው ያስገቡኝ ነበር። ሩሩን ከዱላዬ ጫፍ ሳልለይ አንድ ሜዳ ሙሉ መሮጥ እችል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሕግ አስተምሮኛል፤ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም፣ ሩር በእጅ አይነካም፣ የወደቀ ሰው አጠገብ አይመታም። እሱ በማታለል የገባን ግብ አይቆጥርም ነበር፤ የራሱም ወገን ያግባው። እኔም እንደሱ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ይህን ሕግ ጣራው ላይ ቆሜ ለሦስቱ አስረዳሁ። አብሮ አደጌ ከእኔ ጋር ሆነች፤ የሳሃቧ ከታላቃችን ጋር።

ጨዋታው ከተጀመረ ሁለት ደቂቃ አልሆነም። ሩሩን ይዤ ወደ ታንከሮቹ ስገሰግስ የሳሃቧ ድንገት ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች። «ውይ! ስልክሽ! ማዳምሽ ናት!» አለችኝ። ዞርኩ። ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ ጭጭ ብሏል። ፊቴን ስመልስ ሩሩ በሌላው በኩል በእኛ ግብ ገብቷል፤ እሷም ዱላዋን ታቅፋ እየጨፈረች ነው።

«ይሄ አይቆጠርም!» አልኩ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለች ታላቃችን ባልዲዋ ላይ እየተወዛወዘች። «ተቆጥሯል። አንድ ለዜሮ።»

ወደ አብሮ አደጌ ዞርኩ፤ የእኔ ወገን ናትና አብራኝ ትከራከራለች ብዬ። እሷ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እንባዋ እስኪወርድ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ሳቅ ነው። ሌላ ሰው ሲያወጣው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ጣራ መውጣት ሆነ። ለእግረኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት ከተፈቀደ ወዲያ ጠዋት ለዳቦ እንሰለፋለን፣ ከሰዓት እንጫወታለን፤ አሥራ ሁለት ሲሆን ሳይረኑ ሲነፋ ዱላችንን ይዘን እንወርዳለን። የሳሃቧ ተንኮል ማለቂያ አልነበረውም። አንድ ቀን ሩሩን ሻርፗ ውስጥ ደብቃ በባዶ ዱላ ስትሮጥ ሦስታችንም አየር ስናሳድድ ዋልን። ሌላ ቀን ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ አንሶላ ፊቴ ላይ ለቀቀችብኝ። ደግሞ «እግሬን! እግሬን!» ብላ ወድቃ ታቃስታለች፤ ልናነሳት ስንጎነበስ በእግሮቻችን መሐል ታገባለች። አንዴም ሰው ላይ ዱላ አንሥታ ግን አታውቅም። ይሄን ያኔ ማየት አልፈለግሁም።

ሐጃ መጀመሪያ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን እየደበደበች ትቆጣ ነበር። አንድ ቀን ግን እያለከለከች ወጣች። «ሹ ሃዳ?» አለች፤ ምንድን ነው ይሄ? ወንበር ሰጠናት። ጨዋታው ሲያልቅ አልወረደችም። በማግስቱ ራሷ ወንበሯን አስይዛ መጣች። ማን ጋ ሆና እንደምትጮህ መገመት አያቅትሽም። የሳሃቧ ባታለለች ቁጥር «ያ ሸይጣና!» እያለች ታጨበጭባለች። እኔ በንጹሕ ሩጫ ሁለቱን አልፌ ያገባሁ ቀን «ጎበዝ» አለችኝና ፊቷን ወደሷ አዞረች፤ ቀጥሎ ምን ልታመጣ ነው ብላ።

ቅናት እንዴት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ? እንደ ጥርስ ሕመም ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ስትጠጪ ብቻ ነው የምታስታውሺው። ኋላ ምራቅ መዋጥም ያማል። የሳሃቧ ከአሮጌ ትራስ ልብስ ማስክ ሰፋችልን። የአብሮ አደጌን መጀመሪያ ሰፋች፤ የእኔን ሁለተኛ። የእኔ ዳሩ ላይ ጥልፍ ነበረበት፣ ከሁሉም ያምር ነበር። እኔ ግን ያየሁት ሁለተኛ መሆኔን ነው። ሁለቱ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ መዝሙር ሲሰሙ ራስ ለራስ ይገጥማሉ። ሽንኩርት ሲልጡ ይንሾካሾካሉ። ስገባ ወሬያቸው አይቋረጥም ነበር፤ «ነይ ስሚ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ቢቋረጥ በወደድኩ፤ ቢያንስ የምከስሳቸው ነገር አገኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልንገዛ እኔና የሳሃቧ ብቻችንን ወጣን። ተራርቃችሁ ቁሙ ስለተባለ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ደርሷል። ትኩስ የኹብዝ ሽታ ከፉርኑ፣ ከዳቦ ቤቱ፣ እየወጣ ጾመኛ ሆዳችንን ይፈታተነዋል። ድንገት የፖሊስ መኪና በድምፅ ማጉያ እየተናገረ በጎናችን አለፈ። ዞር ስል የሳሃቧ ከፊቴ የለችም። አንድ የቆመ መኪና ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሰልፉ ውስጥ ስንመለስ በዝግታ ነገረችኝ። የሥራ ፈቃዷ፣ ተስሪሁ፣ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ ከሳሃብ ስትመጣ አውቶቡስ ላይ ተይዛ ታስራለች። የፋብሪካው ሰው ሮጦ አስፈታት እንጂ ልትባረር ነበር። ከዚያ ወዲህ የደንብ ልብስ ስታይ እግሯ ከአእምሮዋ ቀድሞ ይሮጣል።

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለች። «ለአብሮ አደግሽም ቢሆን። ሲያዝኑልኝ አልወድም። እኔ እንዲስቁ ነው የምፈልገው።»

«ለኔ ለምን ነገርሽኝ ታዲያ?»

«አንቺ አትስቂልኝማ» አለችና ፈገግ አለች። «ሳቅሽን እንቢ ካልሽኝ ሌላ ነገር ልስጥሽ ብዬ ነው።»

ወዳጅነት እየለመነችኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ «እሺ፣ አልናገርም» ብቻ አልኳት። አልዋሸሁም፤ አልተናገርኩም።

የመጨረሻው ጨዋታ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ታላቃችን አስቀድማ፣ «ከሰኞ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ዱላ የሚያነሣ አላይም። ያላችሁን ዛሬ ጨርሱ» ብላለች። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች፤ የማዶ ኮረብታ ቤቶች እንደ ስኳር ነጭ ሆነው ይታያሉ። ሐጃ ወንበሯ ላይ ተሰይማለች። ወገን ስንከፋፈል አብሮ አደጌ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እኔ ዛሬ ከሷ ጋ ልሁን፤ እንዴት እንደምታታልል ልማር» አለች።

«ሁኚ» አልኩ።

«ተቀየምሽ?»

«ምን ያስቀይመኛል፤ ጨዋታ አይደል?»

ታላቃችን ከታንከሮቹ መሐል ሳትነሣ «እንግዲያው እኔ ካንቺ ጋ» አለች። ስለዚህ ብቻዬን እንደተጫወትኩ ቁጠሪው። ተጫወትኩ ስልሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። አራት አገባሁ፤ አራት አገቡብኝ። ከአራቱ ሦስቱ የተንኮል ነበሩ፤ አንዱን ያስገባችው አብሮ አደጌ ናት። «ውይ፣ ቀሚስሽ ተቀዷል!» አለችኝ፤ እኔም እሷን አምኜ ጎንበስ አልኩ። ሁለቱ ተቃቅፈው ጣራው ላይ ሲሽከረከሩ ቆሜ አየኋቸው። ቀሚሴን ደግሜ አየሁት። ደህና ነበር።

የሚቀጥለው ያገባ ያሸንፍ ተባለ። ሩሩ ከእኔ ዱላ ሸሽቶ ወደ ጣራው ጠርዝ ተንከባለለ። ተከትዬው ስሄድ ቁልቁል መንገዱን አየሁ። የፖሊስ መኪና በዝግታ እያለፈ ነው፤ «በቤታችሁ ቆዩ» እያለ በድምፅ ማጉያው ይናገራል። እንደ ሁልጊዜው አለፈ። ወደ ኩርባው ሲታጠፍ በዓይኔ አየሁት። ዞር ስል የሳሃቧ ሩሩን ነጥቃ ወደ ታንከሮቹ እየሮጠች ነበር። አብሮ አደጌ ከኋላዋ «በይው! በይው!» ትላለች።

«ፖሊስ!» ብዬ ጮኽኩ። «እየወጡ ነው! ደረጃው ላይ ናቸው! ሸሹ!»

ምን እንደፈለግሁ ልንገርሽ። ዱላዋን ጥላ ስትደነግጥ ሁሉም እንዲያያት ፈልጌ ነበር። መኪና ጀርባ እንደተቀመጠችው ዓይነት ትንሽ ሆና እንድትታይ። አብሮ አደጌ እንድትስቅባት፤ አብራት ሳይሆን በሷ ላይ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

የሳሃቧ አልተደበቀችም። ሩሩን ዘላ አለፈችው፤ የጣራውን ዝቅተኛ አጥር ዘለለች። ወይብደህ ዳገት ስለሆነ የጎረቤቱ ጣራ ከእኛው ዝቅ ይላል፤ ከአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል። ስትወድቅ የዲሽ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እሱን አልነግርሽም።

«ደግሞ ጀመራት» አለች ታላቃችን እየሳቀች። «ተነሺ፣ አታልለሽናል!»

ከታች መልስ አልመጣም። አብሮ አደጌ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጎረቤቶቹ በር ከፍተውልን ስንደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ዞሯል። አልጮኸችም። «ሄዱ? ሄዱ?» ብቻ ትላለች። አምቡላንስ ይጠራ ሲባል የአብሮ አደጌን እጅ ጨምድዳ ያዘች፤ «እንዳይጠሩ፣ ወረቀት ይጠይቁኛል» አለች። ያን ጊዜ ነው ሐጃ በቤት ጫማዋ እያለከለከች የደረሰችው። ስልኳን አውጥታ ራሷ ደወለች። ሰዎቹ መጥተው ማን ናት ሲሉ፣ «የእኔ ሠራተኛ ናት» አለቻቸው ቀና ብላ። «ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ወረቀቷ ቤቴ ነው፤ ጥያቄ ካላችሁ እኔን ጠይቁ።» ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የምትሰግድ ሴት፣ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸችላት።

አምቡላንሱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። አብሮ አደጌ ገባች። በሩ ሲዘጋ ወደኔ አላየችም።

ጣራው ላይ ስንመለስ ታላቃችን ባልዲዋን አነሳች። «ፖሊሶቹስ?» አለችኝ።

«መኪናው በራችን የቆመ መስሎኝ ነው። ሄደዋል ማለት ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። አራቱን ዱላ ሰበሰበችና አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ ሰበረቻቸው፤ ያን የሚያማትን ጉልበቷን። ከዚያ ይዛቸው ወረደች።

ፋሲካን በጀሶ ዋልን። የሳሃቧ ፍራሽ ላይ ተጋድማ እንኳ አላረፈችም፤ የታላቃችንን ጨው ስኳር ጣሳ ውስጥ ገልብጣ ሻይ አስተፋቻት። ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁላት፤ እሷም ሰምታ ፊቷ በራ። እሱ ነው የገደለኝ።

አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ቤት ቀረን። ሾርባ ሰጥቻት ትራሷን ሳስተካክል እጄን ያዘችኝ።

«ያን ቀን ፖሊሶቹን በእውነት አይተሻቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ» አልኩ።

«እሰይ» አለችና እፎይ ብላ ትራሷ ላይ ተመለሰች። «እንኳን አየሽ። ባታዪ ኖሮ በጣም ይከፋኝ ነበር።»

ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ጀርባዬን ሰጥቻት ሰሃን አጠብኩ። የታጠበውን ሰሃን መልሼ አጠብኩ።

ጀሶው ሲወጣ እግሯ እንደድሮው አልሆነም። ፋብሪካ ቆሞ መሥራት የማይታሰብ ነው። በዚያ ሰሞን ወረቀት የሌላቸው ያለ ቅጣት ወደ አገር መመለስ ይችላሉ፣ አውሮፕላንም ተዘጋጅቷል ተባለ። የሳሃቧ ተመዘገበች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ትሄዳለች፤ እኛ ደግሞ እንደ ድሮአችን እንሆናለን አልኩ። በማግስቱ አብሮ አደጌ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«ብቻዋን አትሄድም። ሻንጣዋን ማን ይይዝላታል? እዚያስ ስትደርስ ማን አላት?»

«አንቺ ወረቀት አለሽ፣ ሥራ አለሽ። እኔስ?»

ልብስ ማጣጠፏን አላቆመችም። «አንቺማ እግር አለሽ» አለችኝ።

የሄዱበት ጠዋት አውቶቡሶቹ አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ነበር። ሰዉ ሁሉ ማስክ አድርጎ፣ ሻንጣ በገመድ አስሮ፣ ስሙ እስኪጠራ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ነፋሱ አቧራና የናፍጣ ሽታ ያመጣል። የሳሃቧን ደግፈን አወጣናት። አቀፈችኝ። «ሲሻለኝ እዚያ አገራችን ሜዳ ላይ እንገናኛለን፤ አንቺን ሳላታልል አሸንፌሽ አላውቅምና አንድ ቀን በንጹሕ እሞክርሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ እየተጎተተች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አብሮ አደጌ ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞረች። ጊዜ አልነበረም። እጇን ያዝኳት።

«ፖሊስ አልነበረም» አልኳት። «ያን ቀን። መኪናው አልፎ ሄዶ ነበር። አውቄ ነው የጮኽኩት።»

ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል። አልደነገጠም።

«አውቃለሁ» አለች። «ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺ በእውነት ስትፈሪ አትጮኺም። ድምፅሽ ነው የሚጠፋው። ጅብ ያየን ቀን እንኳ ክንዴን ይዘሽ ጎተትሽኝ እንጂ ቃል አልወጣሽም። ያን ቀን እንደጮኽሽ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሁለት ወር ሙሉ?»

«እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር» አለች። «በየቀኑ፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ። ብትነግሪኝ ኖሮ አልቆጣም ነበር። እኔም እኮ ነበርኩበት፤ ቀሚስሽ ተቀዷል ብዬ ያታለልኩሽ እኔ ነኝ። አብረን እግሯ ሥር ወድቀን ይቅርታ እንለምናት ነበር።»

ከኋላ ሰው ገፋን። ስሟን ጠሩ። እጇን ከእጄ ቀስ ብላ፣ ሳትነጥቅ፣ አወጣችና ወደ ውስጥ ገባች።

«ለሷ ትነግሪያታለሽ?» አልኳት በተዘጋው መስኮት፣ ማስኬን ዝቅ አድርጌ በከንፈሬ ብቻ።

ራሷን ነቀነቀች፤ አልነግራትም። ወዲያው ጎኗ ወደተቀመጠችው የሳሃቧ ዞራ ቦርሳዋን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችላት። እሷም አንድ ነገር አለቻት መሰለኝ፣ የአብሮ አደጌ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በመስታወቱ ምክንያት ድምፁ አልተሰማኝም።

ይኸው ይህን ያህል ዓመት ሆነ። ታላቃችንም ጠቅልላ ገባች፤ ሐጃም አርፋለች። አብሮ አደጌና የሳሃቧ እዚያው እኛ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው የልብስ ስፌት ከፍተዋል። የሳሃቧ በብርድ ጊዜ ታነክሳለች ይሉኛል፤ ደንበኛ ግን በጨዋታዋ ብቻ ይመጣላታል አሉ። የሳሃቧ አልፎ አልፎ ድምፅ ቀርጻ ትልክልኛለች፤ ግማሹ ቀልድ ነው። ይህችን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስልኩን አነሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አብሮ አደጌ ለበዓል ለበዓል ትደውላለች። አንድም ዓመት ዘላ አታውቅም። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ስለ እናቴ ትነግረኛለች፣ ሄዳ እንደጠየቀቻትም ትነግረኛለች። እግዜር ይስጥልኝ እላታለሁ። ልትዘጋ ስትል «በይ እህቴ፣ ራስሽን ጠብቂ» ትለኛለች፤ በጣም በደግ ድምፅ፣ በአክብሮት።

ድሮ እህቴ ብላኝ አታውቅም። «አንቺ ጅል» ነበር የምትለኝ።